በሚስቴ መነጽር የሚያልፍ ድምፅ

ውድ ባለፋኖሷ፣

ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። ሸሚዜን ራሴ አጥባለሁ፣ ራሴ እተኩሳለሁ። የቴአትር ቤቱን የኋላ ደረጃ ብረቱን ሳልይዝ እወጣለሁ፤ ስወርድ ብቻ እይዛለሁ፣ እሱንም ሰው ከሌለ ነው። የማይኩን ቀጭን ሽቦ በፀጉር ስር ጎትቼ አሳልፋለሁ፣ እጄ አይንቀጠቀጥም። የሚንቀጠቀጠው ሻይ ስይዝ ነው፤ ሻይ መያዝ ደግሞ ሥራ አይደለም። ከፊት ያሉት አራት ጥርሶቼ የራሴ ናቸው፣ ፕላስተር ለመበጠስ ይበቃሉ። ይህን ደብዳቤም የምጽፈው ራሴ ነኝ። ልጄ «አባዬ፣ አንተ ተናገር፣ እኔ ልጻፍልህ» ቢለኝ «አንተን ምን አገባህ!» ብዬ ወደ ቤቱ ሸኘሁት።

ፊደል የቆጠርኩት ካገባሁ በኋላ ነው። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የመስኮቱን መስታወት በትንፋሿ ታደበዝዝና በጣቷ ትጽፍልኝ ነበር። ፊደሉ ሳይጠፋ ማንበብ ነበረብኝ። ለዚህ ነው ሳነብ የምፈጥነው፣ ስጽፍ ግን እንደ ኤሊ የምጎተተው። ስህተት ካገኘሽ እለፊው። አንቺም ቃል ስትስቺ ስንቴ አልፌሻለሁ።

ፋኖስ ሻጯን ሆነሽ የምትጫወችበትን ልምምድ ትተሽ ከሄድሽ ሳምንት አለፈ። ቅዳሜ መጋረጃው ይከፈታል። እዚህ ያለው ሰው ሁሉ ከአዘጋጁ ጋር ተጣልተሽ የሄድሽ ነው የሚመስለው። ለራሱ ለአዘጋጁም እንደዚያው ነው የሚመስለው። «ማይኩ ጉንጯ ላይ ይሁን ስላልኩ ነው ይህ ሁሉ?» እያለ ፀጉሩን ይነጫል። እኔ ዝም ብያለሁ። ለምን እንደሄድሽ የምናውቀው አንቺና እኔ ብቻ ነን፤ መስታወቱን ካልቆጠርነው።

ወንበርሽ ላይ ማንም አልተቀመጠም። እኔ ግን በየቀኑ ከሰዓት በኋላ መልበሻ ክፍሉ እገባለሁ፣ ከወንበሩ ኋላ እቆማለሁ፣ እጄን አሞቃለሁ። ልማድ ሆኖብኝ ነው። «አባ ፕላስተር፣ ማይክ ነው የምታስርልኝ ወይስ በረዶ?» ስላልሽኝ አይደል እጄን በመስታወቱ ዙሪያ ባሉት አምፖሎች ማሞቅ የጀመርኩት? አምፖሎቹ አሁንም ይሞቃሉ። እጄም ይሞቃል። ሞቆ የሚሄድበት ግንባር ነው የጠፋው።

የሰው ፊት ለእኔ እንደ ቤት ነው፤ ድምፁ በየትኛው በር እንደሚወጣ አያለሁ። ወፍራሙን ውሰጂ፣ ባልሽን ሆኖ የሚጫወተውን። ላቡ ከግንባሩ እንደ ቧንቧ ስለሚወርድ ማይኩን ከጆሮው በላይ ነው የማደርግለት። ግማሽ ድምፁ ወደ ሌላው ወገን ያመልጣል፤ ለእሱ ግማሹም ይበዛበታል። ደረት ላይ ማድረግ አልወድም፤ አገጭ ይጋርደዋል፣ ልብስ ሲፈትገው ደግሞ አይጥ የገባበት ቁም ሣጥን ይመስላል። ጉንጭ ላይ ያለው ድምፅ ይጠራል፣ አልዋሽም፤ ግን ከፊት ለተቀመጠ ሰው ዝንብ ያረፈበት ፊት ነው። የአንቺ ቦታ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድ ነው፤ የግንባርሽ መሐል፣ ፀጉር የሚጀምርበት። ስትዘፍኚ ድምፅሽ ከደረትሽ ተነስቶ ወደ ላይ ይወጣል፣ እዚያ ያርፋል። ሽቦው በፀጉርሽ ውስጥ አልፎ፣ በአንገትሽ ወርዶ፣ ልብስ ሰፊዋ ወገብሽ ላይ በሰፋችው ኪስ ውስጥ ካለችው ትንሽ ሳጥን ይገባል። ሳጥኗም ድምፅሽን ያለ ገመድ በአየር ትልከዋለች።

እኔ ወደዚህ ሥራ የመጣሁት ከእንጨት ጠረባ ነው። በአየር መሄዱ እስከዛሬ ይገርመኛል። ከአዳራሹ ጀርባ ሚክሰሩ ላይ ተቀምጣ የሁላችሁንም ድምፅ ከፍ ዝቅ የምታደርገው እህታችን ስንት ጊዜ አስረድታኛለች። ገባኝ እላታለሁ። አልገባኝም። እንዲገባኝም አልፈልግም።

አንድ ነገር ነግሬሽ አላውቅም። ማይኩን ካሰርኩልሽ በኋላ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ መፈተን ሥራዬ ነው። «አንድ፣ ሁለት» እስክትይ ግን አልጠብቅም። የሳጥኗ መብራት ከበራችበት ጀምሮ እሰማሻለሁ፤ እርምጃሽን፣ የቀሚስሽን ጫፍ፣ ምራቅሽን ስትውጪ። ደግሞ ከመጋረጃው ጀርባ ቆመሽ፣ ልትወጪ ስትይ የምትስቢው አንድ ትንፋሽ አለ። ተመልካቹ አይሰማውም፤ የሚክሰሯ እህት ማይክሽን የምትከፍተው ከእሱ በኋላ ነው። እሷ እንኳ ያን ጊዜ ዓይኗ ወፍራሙ ላይ ነው። ያንን ትንፋሽ በዓለም ላይ የምሰማው እኔ ብቻ ነኝ። ጭጋግ ከሐይቅ ላይ ሲነሳ ድምፅ ቢኖረው እንደዚያ የሚል ይመስለኛል። ዓይኔን እጨፍናለሁ። ያን ጊዜ የምሄድበት ቦታ አለ። የት እንደሆነ አላውቅም። መሬቱ ለስላሳ ነው፣ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፣ ማንም ማንንም አይጠራም፣ ግን ሁሉም አለ። ከዚያ አንቺ ትዘፍኛለሽ፣ እኔም እመለሳለሁ።

የሄድሽ ቀን ልምምዱ አልቆ ፕላስተሩን ሳነሳ ፀጉርሽ አብሮት መጣ።

እንደ ሁልጊዜው በቀስታ ነበር ያነሳሁት፤ ጫፉን በውሃ አርሼ፣ ቆዳሽን በአውራ ጣቴ ይዤ። አልጎተትኩም። ዝም ብሎ መጣ፣ መሬቱ የለቀቀው ሣር ይመስል። በመስታወቱ ውስጥ ተያየን። አንቺ አልጮህሽም። እኔ ፕላስተሩን በመዳፌ ጨበጥኩት።

«ተወው» አልሽኝ።

«ምኑን ልተወው?»

«ሁሉንም።»

ሻሽሽን አሰርሽ። አዘጋጁ ብቅ ያለው ያን ጊዜ ነው፤ ምስኪን፣ ምንም የሚያውቀው የለ። «ከነገ ጀምሮ ጉንጭሽ ላይ እናድርገው፤ ፀጉርሽም ወደ ኋላ ይታሰር፣ ግንባርሽ በደንብ ይታይ» አለ። ሰዓት የመረጠበት! ፋኖስሽን ወንበሩ ላይ አስቀመጥሽና ወጣሽ። ፋኖሱ እስከዛሬ እዚያው ነው። የፅዳት ሠራተኛዋ እንኳ ዙሪያውን ነው የምትጠርገው።

ያንን ፀጉር አውቀዋለሁ። ባለቤቴ ትራስ ላይ አይቼዋለሁ። የትኛው መድኃኒት እንደሚያረግፈው አውቃለሁ፤ ሰው ክንዱን ዘርግቶ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ጠብታውን እያየ እንዴት እንደሚወስደውም አውቃለሁ። ደረጃው ላይ ቆም እያልሽ «ጫማዬ ነው» ስትይ የነበረው ጫማሽ እንዳልነበር ያን ጊዜ ገባኝ። አልጠየቅኩሽም። አሁንም አልጠይቅሽም። እኔም ሲጠይቁኝ አልወድም።

ስለ ባለቤቴ ግን ልንገርሽ። የመጨረሻው ፀጉሯ የሄደ ሰሞን «ድልድዩ ጋ ውሰደኝ» አለችኝ። ወሰድኳት። መሐሉ ላይ ስንደርስ ሻሿን ፈታችው። «ኧረ ሰው ያያል!» አልኳት። «ይየኛ! እኔም አያቸዋለሁ» አለችኝ። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ራሷን ወደ ነፋሱ ሰጠች። «ይህንን ነፋስ ስልሳ ዓመት ሙሉ ፀጉሬ ብቻውን ሲበላው ኖሯል» ብላ ሳቀች። መኪና ያልፋል፣ ሰው ያልፋል፣ እሷ ውሃ ላይ እንደተንሳፈፈ ሰው ሆናለች። ሻሿን እኔ ይዤ ቆምኩ።

እሷ እንደዚያ ነበረች። አንቺ ሌላ ነሽ። ማንም እንዳያይ ከፈለግሽ ማንም አያይም። ይህ የራስሽ ነገር ነው፣ ማንም አይመርጥልሽም። የእኔ ሥራ ማይኩን የት እንደማደርገው ማወቅ ነው። ችግሩ፣ ዕድሜ ልኬን ፀጉር ውስጥ ስደብቅ ኖሬ ፀጉር ሲጠፋ የት እንደምደብቅ አላውቅም ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ በባዶው አዳራሽ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ሸለብ አደረገኝ። ባለቤቴ መድረኩ ላይ ቆማለች። ያንቺን ፋኖስ ይዛለች፣ ያንን ወፍራም ጥቁር መነጽሯን አድርጋለች። አፏ አይንቀሳቀስም፤ ግን ዘፈን ይሰማኛል፣ ከመነጽሩ ነው የሚወጣው። ድምፁ ደግሞ የአንቺ ነው። አልገረመኝም፤ በሕልም ማን ይገረማል? መነጽሯን አወለቀችና በትንፋሿ አደበዘዘችው። ልትጽፍልኝ መስሎኝ ቶሎ ላነብ ቀረብኩ። አልጻፈችም። በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችውና ወደ እኔ ዘረጋችልኝ። እጄን ስዘረጋ አናጢዎቹ ምስማር መምታት ጀመሩ፣ ነቃሁ።

ቤቴ ሄጄ መሳቢያውን ከፈትኩ። መነጽሩ እንዳስቀመጥኩት አለ።

እንዲህ አደረግኩት። የቀኙን እጀታ በውስጥ በኩል በሞረድ ቦይ አወጣሁለት፣ የክር ያህል። ሽቦውን በቦዩ ውስጥ አስተኛሁት። የማይኩ ራስ ከስንዴ ፍሬ አትበልጥም፤ ከማጠፊያው በላይ፣ ከቅንድብሽ ጫፍ አጠገብ ቁጭ አለች። ጥቁር ቀባኋት። ሽቦው ከጆሮሽ ኋላ ወርዶ በሻሽሽ ስር ወደ አንገትሽ ይሄዳል። አንድ ፀጉር አያስፈልገውም። የእሷ መስታወት አንቺን ያሳውርሻል ብዬ መነጽር ሠሪው ዘንድ ወስጄ በተራ መስታወት አስቀየርኩት። ፋኖስ የምትሸጥ ሴት መነጽር ብታደርግ የሚገርመው ሰው ካለ ይገረም።

መፈተኛ ሰው አልነበረኝም፤ ራሴ አድርጌው መድረክ ላይ ወጣሁ።

«ዝፈን ጋሼ!» አለችኝ የሚክሰሯ ከወዲያ።

«አልዘፍንም፣ እቆጥርልሻለሁ።»

«ቅዳሜ ልትቆጥር ነው እንዴ የምትመጣው? ዝፈን!»

ዘፈንኩ። ያንቺኑ ዘፈን። ወፍራሙ ከመጋረጃው ኋላ ወጥቶ «የፋኖስ ሻጯ አያት መጡ!» ብሎ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። አናጢዎቹ መዶሻቸውን ጥለው አጨበጨቡ። እኔ እስከ መጨረሻው ዘፈንኩ። ጀምሬ የተውኩት ነገር የለም።

«ድምፁ ግንባር ላይ ከነበረው ይቀጥናል፣ እሱን እኔ አወፍረዋለሁ» አለች። «ግን ይጮኻል።»

«ምኑ?»

«መነጽሩ! ራስህን ባዞርክ ቁጥር ሲጥ ይላል።»

«አይልም።»

«ይላል ጋሼ!»

«አልሰማሁም።»

«አንተማ ወፍ ጆሮህ ላይ ብትጮህም አትሰማም!»

«ጆሮሽን ታጠቢ!» ብዬ ተቆጣሁ። አመሻሽ ድረስ ሲጥ አይልም ብዬ ተከራከርኩ። አናጢዎቹን ምስክር ብዬ ጠራሁ፤ እነሱም ከሃዲዎች ናቸው፣ ይላል አሉ። ቤቴ ገብቼ ማጠፊያውን በፊት ጥርሴ ይዤ ቀስ ብዬ አጠፍኩት። ጥርሴ ሰማ። እንደ መርፌ ጫፍ እስከ አናቴ ወጣ። ቀጫጭን ድምፅ ጥሎኝ ሄዷል፣ እውነት ነው፤ መቼ እንደሄደ አልነገረኝም እንጂ።

በማግስቱ «ሲጥ ይላል» አልኳት።

«ማን ነገረህ?»

«ጥርሴ።»

እስክታነባ ሳቀች። ልብስ ሰፊዋ የጥፍር ቀለሟን አመጣች፣ ብሎኗ ላይ አንድ ጠብታ ጣልንባት። አሁን ዝም ብሏል፤ እኔን አትመኚኝ፣ እሷ ናት ያለችው።

ከዚያ የሻሹ ነገር መጣ። ታስታውሻለሽ፣ ባልሽ ከመንገድ ሲመለስ ሻሽሽን ፈተሽ ጥለሽ ነው የምታቅፊው። አዘጋጁ ዘንድ ገባሁ።

«ሻሹ አይወልቅም» አልኩት።

«ለምን?»

«ለድምፅ።»

«ማይኩ መነጽሩ ላይ ነው አላላችሁም እንዴ? ሻሹን ምን አገናኘው?»

ስለ ድምፅ ዋሽቼ አላውቅም። ስለ ሌላ ነገር ዋሽቻለሁ፣ ስለ ዕድሜዬም ዋሽቻለሁ። «ሽቦውን የያዘው ሻሹ ነው፣ ከወለቀ ይንኳኳል» አልኩት። አዘጋጁ የሚክሰሯን ጠራት። «እውነት ነው?» አላት። እሷ ሽቦው በፕላስተር አንገት ላይ እንደሚያዝ፣ ሻሹ ቢወልቅም ባይወልቅም ምንም እንደማይሆን ጠንቅቃ ታውቃለች። አየችኝ። እኔም አየኋት።

«አዎ፣ ይንኳኳል» አለች። «በጣም ነው የሚንኳኳው። አንድ ቦታ እንደዚህ ሆኖ ተመልካቹ መብረቅ ወደቀ ብሎ ተነስቷል።»

«የት ነው?»

«ሌላ ቤት።»

አዘጋጁ አሰበ። «እሺ፣ ታስሮ ይቅር። እንዲያውም ባሏ እጁን ሻሹ ላይ ያሳርፍ፣ ያምራል» አለ። ክፉ ሰው አይደለም። ከወጣሽ ጀምሮ እንቅልፍ የለውም።

በኋላ ገመድ ስንጠቀልል የሚክሰሯ ቀና ሳትል «ለምን እንደሆነ አልጠይቅህም» አለችኝ።

«አትጠይቂኝ።»

«ደህና ናት ግን?»

«እኔ እንጃ» አልኳት። ጠቅልለን ጨረስን።

አሁን የሚቀረው የመተቃቀፉ ነገር ነው። ሁለት ማይክ ሲቀራረብ አንዱ የሌላውን ድምፅ ይሰማል፣ ዘፈኑ በርሜል ውስጥ የገባ ይመስላል። ለዚህ ነው ሁለት ሰው ሲተቃቀፍ አንዱን የምንዘጋው። እስከዛሬ የወፍራሙን ዘግተን የሁለታችሁም ድምፅ በአንቺ ግንባር ያልፍ ነበር። አሁን መነጽሩ ትከሻው ላይ ይንኳኳል፤ ይህኛው እውነት ነው፣ ውሸት አይደለም። ስለዚህ የአንቺ ይዘጋል፣ የሁለታችሁም በእሱ ያልፋል። ያን ጊዜ ብትደክሚ፣ ትንፋሽሽ ቢቆረጥ፣ ቃሉን ግማሽ ብትይው ማንም አያውቅም። እሱ ይሸከመዋል። ተደግፈሽው እረፊ። ወፍራሙን «ጠበቅ አድርገህ ያዛት» ብዬዋለሁ። «ለምን?» አለኝ። «ድምፁ እንዲገባ» አልኩት። ውሸት ከጀመሩ ወዲያ ቀላል ነው።

እኔና ባለቤቴም በመጨረሻው ጊዜ እንደዚያ ነበርን። የእሷ ሲደክም የሁለታችንም በእኔ ያልፍ ነበር። ከባድ አልነበረም። ከባዱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ ማይክሽ ክፍት ሆኖ ብቻሽን ስትቆሚ።

ይህን ደብዳቤና መነጽሩ ያለበትን ካርቶን ልብስ ሰፊዋ ታመጣልሻለች፣ አንቺ ወዳለሽበት፣ ወደ እህትሽ ቤት። በካርቶኑ ውስጥ ምን እንዳለ ታውቃለች፣ ለምን እንደሆነ አታውቅም። ዓርብ ከሰዓት በኋላ በኋላው በር ነይ። መልበሻ ክፍሉን ከውስጥ እቆልፋለሁ፣ ሻሽሽን እንዳሰርሽ ትቀመጫለሽ፣ ሽቦውን ከስሩ አሳልፋለሁ፣ ዓይኔን ጨፍን ካልሽኝ ጨፍኜ አሳልፋለሁ። እጄ መንገዱን ያውቃል። ካልመጣሽ ተተኪሽ ትዘፍናለች። ቃሉን ሁሉ ታውቃለች፣ ድምፅዋም ጥሩ ነው፣ አላማትም። መጋረጃው ይከፈታል፣ ሰውም ያጨበጭባል። እኔ የምጽፍልሽ ቤቱ እንዳይጎድል ብዬ አይደለም። ያ ትንፋሽ እንዳይጎድልብኝ ነው። ባትመጪም መነጽሩን አስቀሪው፣ እዚህ የሚሆነው ሰው የለም።

ልጄ «ያለብህን ዕዳ ንገረኝና እኔ ልወጣልህ፣ አንተ አትድከም» ይለኛል። እምቢ ብያለሁ። ያለብኝን በእግሬ ሄጄ፣ በአፌ ተናግሬ እወጣዋለሁ። መነጽር ሠሪውን ሁለት የፊት መቀመጫ አስይዝልሃለሁ ብዬዋለሁ፤ ቅዳሜ በር ላይ ቆሜ ራሴ አስገባዋለሁ። አናጢዎቹን ከሃዲ ብያለሁ፣ ቃሌን አነሳለሁ። የሚክሰሯን ደግሞ ጆሮዬ ሆናልኝ ሳለ «ጆሮሽን ታጠቢ» ብያታለሁ፤ ይህን የምመልሰው ሰው ሁሉ ባለበት፣ ማይክ ይዤ ነው። ለአዘጋጁ አንድ እውነት አለብኝ፤ አንቺ ከፈቀድሽ፣ ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ እነግረዋለሁ። ባለቤቴ መነጽሯን በሕልም ሰጥታኛለች፣ በሕልም አመስግኜ ግን አልቀርም፤ እሑድ ጠዋት መቃብሯ ዘንድ ሄጄ የት እንደገባ፣ ምን እንደዘፈነ እነግራታለሁ። ለአንቺ ሁለት አለብኝ። አንዱ ፕላስተሩ ላይ የቀረው ፀጉርሽ ነው፤ በመሐረብ ጠቅልዬ በደረት ኪሴ ይዤዋለሁ፣ ያንቺ ነው፣ ስትፈልጊ ትወስጂዋለሽ። ሌላው አንድ ቃል ነው። እሱን በወረቀት አልሰጥሽም። መጀመሪያ የወገብሽን ሳጥን አጠፋለሁ፣ መብራቷ መጥፋቱንም ጎንበስ ብዬ አያለሁ፤ ከዚያ በጆሮሽ እነግርሻለሁ።

አባ ፕላስተር